ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ወሬው የባሕር ማዶ ነው፤ ግን ሩቅ አይደለም፤ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ቢበር ይደርስበታል። ሙስካት ልወስዳችሁ ነው፣ የኦማን ዋና ከተማ። ቤተ መንግሥቱን፣ የሙትራን የዕጣን ገበያ፣ ወደቡን ጎብኚ ይየው። እኛ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ነው የምንዞረው፤ ሰው ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ አሳድጎ ኑሮውን በሚገፋበት በሲብ።

ሙስካት በአንድ ወገኗ የኦማን ባሕር፣ በሌላው ወገኗ የሐጀር ተራሮች ይዘዋታል። ወደ ኋላ መስፋት አልቻለችም። ስለዚህ የባሕሩን ዳር ይዛ ወደ ምዕራብ ሄደች፦ ሩዊ፣ ቁረም፣ አልኹወይር፣ ጉብራ፣ ዓዘይባ እያለች አውሮፕላን ማረፊያው ደረሰች። እዚያም አልቆመችም። ከማረፊያው ወዲያ መዋሊሕ አለ፤ አልሐይል አለ፤ አልኾድ አለ፤ ማቤላ አለ። ይህ ሁሉ የሲብ ወረዳ ነው፤ እነሱ ዊላያ ይሉታል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቶበታል። በአገሩ ካሉት ዊላያዎች ሁሉ እንደ እሱ ሰው የሞላበት የለም። (ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየጠራሁ ነው የምሄደው፤ ልብ በሉልኝ።)

ታዲያ ይህ ሰው ከየት መጣ?

ሲብ ጥንት የዓሣ አጥማጆችና የተምር አብቃዮች መንደር ነበረ። ስሙ በታሪክ የሚነሣው በ1920 በተፈረመው የሲብ ውል ነው፤ የባሕሩ ዳር ሱልጣንና የውስጠኛው አገር ኢማም ወገኖች ላይነካኩ የተስማሙበት ውል። ከዚያ ወዲህ ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት መንደሩ ብዙም አልተለወጠም። አገሩም እንዲሁ። ሱልጣን ቃቡስ ሐምሌ 23 ቀን 1970 ዙፋን ላይ ሲወጡ በኦማን ምድር የነበረው አስፋልት ተለክቶ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ትምህርት ቤቱም ሦስት። የሙስካት በር ማታ ይዘጋል፤ በጨለማ የሚሄድ ሰው ፋኖስ መያዝ አለበት። ዛሬ ማቤላ ላይ የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው የሚቀመጡ አያቶች በዚያ ዘመን ልጆች ነበሩ። እኔ ይህን ሰፈር በወደድኩት ቁጥር ይህን አስባለሁ፤ አንድ ሰው በዕድሜው ውስጥ ከፋኖስ ተነሥቶ እዚህ ደርሷል።

አውሮፕላን ማረፊያው በ1973 ተከፈተ። ስሙም ሲብ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይባል ነበር፤ ሙስካት የተባለው በ2008 ነው። በ1986 ደግሞ ሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ አልኾድ ላይ ተማሪ መቀበል ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ አስተማሪ መጣ፤ አስተማሪ ሲመጣ ኪራይ ቤት፣ ኪራይ ቤት ሲመጣ ሱቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ልብስ ሰፊ። ግን ሰፈሩን በእውነት ሰፈር ያደረገው መሬት ነው። በኦማን ዜጋ የሆነ ሰው ለመኖሪያ የሚሆን ቦታ ለመንግሥት ያመለክታል፤ ተራው ሲደርስም ይሰጠዋል። የተለመደው ልክ 600 ካሬ ሜትር ነው። ከ2008 ወዲህ ሴቶቹም ከወንዶቹ እኩል እንዲያገኙ ተደንግጓል። መሐል ከተማው ሞልቶ ስለነበር ቦታው የሚገኘው ከማረፊያው ወዲያ ነበረ፤ ወጣት ባልና ሚስት ብድር ወስደው፣ እናትና አባት ጨምረውላቸው፣ ግንቡን አንድ ዓመት፣ ጣሪያውን በሌላው ዓመት እያሉ ቤት ሠሩ። ሲብ በቤተሰብ አቅም፣ ቀስ እየተባለ የተሠራ ነው። ቤቱ ሁሉ ነጭ ወይም የአሸዋ ቀለም ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ደማቅ ቀለም አይፈቅድም።

ለውጭ አገር ሰው ግን ቦታ የመግዛት መብት የለም። የሚገዛው በአብዛኛው ለዚያ በተከለሉ ጥቂት ስፍራዎች ነው፤ ለምሳሌ ባሕሩ ዳር ባለው በአልሙጅ። እሱ ደግሞ የባለጸጋ ሰፈር ነው። ስለዚህ ሕንዱም፣ ግብፁም፣ ፓኪስታኑም፣ ሱዳኑም፣ የኛም ሰው ማቤላና አልኾድ ይከራያል። ኪራዩ ከቁረም ይቀላል፤ ልጅ ያለው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ክፍል ብዛት፣ ትምህርት ቤት ቅርበት፣ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ ነው። ይህ ሁሉ እዚህ አለ።

አሁን አንዱን ቤት ከፍተን እንግባ።

በሩ ሁለት ነው። አንዱ ትልቁ የብረት በር ነው፣ መኪና የሚገባበት። ሌላው ከጎኑ ያለው የመጅሊሱ በር ነው። መጅሊስ የእንግዳ ክፍል ነው፤ መግቢያው ለብቻው፣ እጅ መታጠቢያው ለብቻው። እንግዳ ወንድ የቤቱን ሴቶች ሳያይ ይገባል፣ ተምሩን ይበላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ይወጣል። ቡናው ሄል የገባበት፣ ስኳር የሌለው፣ ፈዛዛ ቀለም ያለው ነው። ሲኒው ትንሽ ናት፤ እንግዳው ይብቃኝ ሲል ሲኒውን በጣቶቹ ይዞ ግራ ቀኝ ያወዛውዛል። ካላወዛወዘ ይቀዳለታል። ለቤት ሠራተኝነት አዲስ የመጣች የኛ ልጅ ይህን እስክታውቅ አሥር ሲኒ ትቀዳለች፤ እንግዳውም በይሉኝታ አሥሩን ይጠጣል።

ሁለተኛ ነገር ላሳያችሁ፤ ውኃውን። የየቤቱ ታንከር ጣሪያ ላይ ነው፤ ፀሐዩም ጣሪያ ላይ ነው። የሙስካት በጋ የሚባለውን ለማወቅ ይህን ስሙ፦ በሰኔ 2018 በሙስካት አስተዳደር ውስጥ ባለችው በቁረያት ሌሊቱንም ቀኑንም ተለክቶ ዝቅተኛው ሙቀት 42.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። የሌሊቱ ዝቅተኛ ነው ያልኳችሁ! በእንዲህ ያለ ወር የቀዝቃዛው ቧንቧ ቢከፈት እጅ ይልጣል። ነባሮቹ ዘዴውን ያውቁታል። ሙቀቱ ሲገባ የውኃ ማሞቂያውን ያጠፉታል፤ ማሞቂያው ያለው ጥላ ውስጥ፣ ኤሲ ባለበት ቤት ስለሆነ በውስጡ የተጠራቀመው ውኃ ይበርዳል። ስለዚህ በበጋ ቀዝቃዛ ውኃ የሚፈልግ የሙቁን ቧንቧ ይከፍታል። አንዲት የደሴ ልጅ በመጣች በሳምንቱ ሕፃኑን ልታጥብ ስትል እጇን ተቃጥላ ጎረቤት ላሉ ትልቅ ሴት ደወለች።

«እትዬ፣ ቀዝቃዛው ይፈላል፤ ምን ጉድ ነው?»

«ቀዩን ክፈቺ ልጄ፣ ቀዩን። ልጁን ከማስነካትሽ በፊት ደግሞ በክርንሽ ለኪው። የዚህ አገር ውኃ እስከ ጥቅምት ተገላቢጦሽ ነው።»

ሦስተኛውን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። ከማእድ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ትንሿን ክፍል ማለቴ ነው።

ቀኑ እዚያ ሦስት ቁራጭ ነው። ጠዋት ገና 12 ሰዓት ሲሆን የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በየጥጉ ይቆማሉ። የኦማን ልጆች ወንዱ ዲሽዳሻ የሚሉት ነጭ ረጅም ልብስና ኩማ ቆብ፣ ሴቷ ነጭ ሻሽ፤ የሕንዶቹ ልጆች በሸሚዝና በክራቫት ወደ ሕንድ ትምህርት ቤት። ቀትር ላይ መንገዱ ይራቆታል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡30 ድረስ ሠራተኛን ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው፤ ግንበኛው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ግን ሰፈሩ ነፍስ ይዘራል። የልብስ ንጽሕና መስጫው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ ይከፈታል። ኮፊ ሾፑ ፊት መኪና ይደረደራል፤ ባለመኪናው ጡሩንባውን አንዴ ይነፋና ከኬራላ የመጣው አስተናጋጅ ሮጦ ይወጣል፤ ካራክ የሚሉት የወተት ሻይና በፓራታ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ታዞ መስኮቱ ላይ ይደርሳል።

ልጆቹስ? ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው። ሣር የለውም፣ ጠጠር ነው፤ የጎሉን ቋሚ የራሳቸው ታላላቆች ናቸው ያቆሙት። እዚያ ጠጠር ላይ የሚጫወት ልጅ ሁሉ የሲብ ክለብን ማልያ ለብሶ ታገኙታላችሁ፤ ምክንያትም አላቸው። ጥቅምት 22 ቀን 2022 የሲብ ክለብ ኩዋላ ላምፑር ድረስ ሄዶ ባለሜዳውን የኩዋላ ላምፑር ሲቲን ቡድን 3 ለ 0 አሸንፎ የኤኤፍሲን ዋንጫ ወሰደ። ከኦማን ክለቦች ያን ዋንጫ በማንሣት የመጀመሪያው ነው። ዋናው ከተማ ሳይሆን የዳር ሰፈር ልጆች የሚደግፉት ቡድን ከእስያ የክለቦች ዋንጫዎች አንዱን ይዞ ሲገባ ደስታው እንዴት እንደሆነ የሰፈር ቡድን ኖሮት የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

አንድ ችግር አለ፤ አልደብቃችሁም። መኪና የሌለው ሰው እዚያ እጅና እግሩ ታሥሯል። ሰፈሩ የተሠራው መኪና ላለው ነው፤ ከቤት እስከ ዋናው መንገድ በእግር ሲኬድ ጥላ የለም፣ የእግረኛ መንገዱም ይቋረጣል። ሙዋሰላት የተባለው የሕዝብ አውቶቡስ በ2015 መጨረሻ ከሩዊ እስከ ማቤላ መስመር ሲጀምር ለብዙ ሰው እፎይታ ሆነ፤ በተለይ ለሴት ሠራተኞች። የታክሲ ዋጋ የማይቀመስበት ሰው በጥቂት ባይሳ፣ በአገሩ ሳንቲም፣ ኤሲ ባለው አውቶቡስ ተቀምጦ መሄድ ቻለ። ከማቆሚያው እስከ ቤት ያለው መንገድ ግን አሁንም ፀሐይ ነው። ይህ ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ፤ ለቤተሰብ የሚመች የተባለ ሰፈር በእግሯ ለምትሄድም መመቸት አለበት።

ሲዘንብ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ዝናብ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ግን ከተራራው ወርዶ ዋዲ የሚሉትን ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ነው። በሰኔ 2007 ጎኑ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ በኦማን 50 ያህል ሰው አልቋል፤ መንገዱም ድልድዩም በጎርፍ ተወስዷል። አልኾድ ላይ በ1985 የተሠራ ግድብ አለ። የመብራት ግድብ አይደለም። ከዋዲው የሚወርደውን ጎርፍ አቁሞ ደለሉን ካስጣለ በኋላ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል፤ ውኃው ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የጉድጓዶቹን ውኃ ይሞላል፣ ከባሕር የሚገፋውንም ጨው ይመልሳል። ዝናብ በጣለ ማግስት ሰፈርተኛው ልጆቹን ጭኖ ውኃውን ሊያይ ወደዚያ ይሄዳል። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ቴርሞስ ይወጣል። እኛ ዝናብ ሲመጣ እንጠለላለን፤ እነሱ ሊቀበሉት ይወጣሉ።

አሁን ወደ ረመዳን ልውሰዳችሁ፤ ከሁሉ የምወደው ሌሊት እሱ ነውና።

የረመዳን ወር እኩሌታ ሲደርስ፣ በ14ኛው ቀን ማታ፣ ቀረንቀሾ ይባላል። ልጆች የሚያምር ልብስ ለብሰው፣ ከረጢት አንጠልጥለው፣ ድንጋይ ወይም ዛጎል እያጋጩ፣ እየዘፈኑ በየበሩ ይዞራሉ። በር ተንኳኩቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ልጅ የለም። ከረሜላ፣ ለውዝ፣ ሳንቲም ይሰጣቸዋል። በቡሄ ጅራፍ ሲጮህ፣ ሆያ ሆዬ ሲባል ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ሆዱ ይባባል፤ ነገሩ የእኛው ሙልሙል ነው፣ ከረሜላ ሆኖ የመጣ።

በሩ ላይ ቆማ የምታድለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኛ ልጅ ናት። ከሁለት ቀን በፊት ጀምራ ማዳም የምትላት አሠሪዋ ያመጣችውን ከረሜላ በትንንሽ ፌስታል ስታሽግ፣ በሪባን ስታሥር ሰንብታለች። አንዱን ሕፃን በስሙ ታውቀዋለች፤ አንዷን ጥርሷ ስለወለቀ ትቀልድባታለች፤ ዓረብኛዋ የሰፈሩ ሰዎች ዓረብኛ ነው። የቤቱ ኦማናዊት አያት ደግሞ ታቅፋታለች፤ የልጅ ልጆቿን ያሳደገችላት የኛዋ ልጅ ናትና። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆናል፤ እዚያ ሰፈር ውስጥ እውነተኛ ፍቅር አለ፤ ልጆቹ «እማ» ብለው የሚጠሯቸው ኢትዮጵያውያን አሉ።

ግን የእሷ ልጅ የት ነው?

ከማእድ ቤቱ ጀርባ ያለችው ትንሿ ክፍል የመጣችው እዚህ ጋ ነው። አልጋ፣ ሻንጣ፣ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ የልጅ ፎቶ። ልጁ ወልዲያ ወይም ጅማ ወይም አዲስ አበባ አያቱ ጋ ነው። ኦማን የውጭ ሠራተኛ ቤተሰቡን እንዲያመጣ ትጠይቀው የነበረውን የደመወዝ ወለል በ2017 ከ600 ሪያል ወደ 300 አውርዳ ነበር፤ ለብዙ ሾፌርና ጸሐፊ ትልቅ ዜና ነበር፤ ማቤላ ላይ ብዙ ባልና ሚስት የተገናኙት በዚያ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ግን ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ሰፈሩን ለቤተሰብ የሚመች ያደረገችው እሷ ናት፤ ቁርሱን፣ የደንብ ልብሱን፣ የሕፃኑን መታጠቢያ፣ የአያትየዋን መድኃኒት ሰዓት። ለራሷ ቤተሰብ ግን ሰፈሩ ቦታ የለውም። እኔ ስለ ሲብ የማወራው ለዚህ ነው፤ ሰፈሩን ስለምወድ፣ ይህም ጎድሎ ስለሚታየኝ።

መንግሥት ሲብ ውስጥ አዲስ ከተማ እየሠራ ነው። በግንቦት 2023 ይፋ የሆነው የሱልጣን ሃይሠም ከተማ 14.8 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ላይ ያርፋል፤ 20 ሺህ ቤት፣ 19 ሰፈር፣ ለ100 ሺህ ሰው። ወጣት ኦማናውያን በአቅማቸው እንዲገዙት፣ ትምህርት ቤት፣ መስጊድና ጤና ጣቢያ በእግር የሚደረስበት፣ ጥላ ያለው እንዲሆን ነው የታሰበው። መልካም አሳብ ነው፤ ከአሮጌው ማቤላ ስሕተት የተማረ ነው። እኔ ብጠየቅ አንድ ነገር እጨምር ነበር፦ በእያንዳንዱ ሰፈር ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው በነጻ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ። ኦማናውያኑ ሰብላ የሚባል አዳራሽ በየሰፈሩ አላቸው፤ ሰፈርተኛው አዋጥቶ ያሠራዋል፤ ሠርግም ለቅሶም እዚያ ነው። አዳራሽ ለሰው ምን እንደሚያደርግ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የኛዎቹ እስከዚያው የኪራይ ቤት ሳሎን ይዘዋል። አርብ ዕለት፣ መውጣት የተፈቀደላቸው፣ አንዷ በተከራየችው ማቤላ ባለ ፎቅ ቤት ይገናኛሉ። ሁሉም አይፈቀድላቸውም፤ ያልመጣችው ኢሞ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ትገባለች፤ ስልኩ ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎ ይቆማል። በሻንጣ የመጣ በርበሬ አለ፤ እንጀራው ግማሹ ጤፍ ግማሹ ሩዝ ነው፤ ሦስት ሲኒ ቡና ይጠጣል። ከዚያ ዕቁቡ ይጣላል።

እኔ በነበርኩበት አንድ አርብ ዕጣው ለአንዲት የወሎ ሴት ወጣ። እልልታው ገና ሳያልቅ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። እናቷ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ሁሉም ያውቃል፤ ዕቁብ ግን ዕጣ ነው፤ ማንም ምንም አላለም። ባለዕጣዋ ወረቀቱን አንዴ አየችው።

«ለእሷ ስጧት» አለች።

ሰብሳቢዋ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሕግ ያከብራሉ። «አንቺስ? የልጅሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ብለሽ አልነበር?»

«የመስከረሙን ነው እትዬ። የእኔ ይቆያል። እናት አይቆይም። የእሷን ተራ እኔ እወስዳለሁ፤ ጻፉት።»

ጻፉት። ገንዘቡ ሁለቴ ተቆጠረ። ሐዋላ ቤቱ በመንገዱ ማዶ ነው፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይከፈታልና ሦስቱ ተያይዘው ሄዱ፤ የቀሩት ዕቃውን እያጠቡ፣ ማዳም እራት የምትጠብቅባቸው ቀድመው ወደ አውቶቡሱ ሮጡ።